ማስረጃ የሌለው ደብዳቤ

ሐሙስ ጠዋት ዋና አዘጋጇ አራሚዋን ወደ ቢሯቸው አስጠርተው በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት። እሳቸው በር የሚዘጉት ሰው ሲሾም ወይም ሰው ሲሰናበት ብቻ መሆኑን ሁሉም ሠራተኛ ያውቃል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የሹመት ወሬ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ቀኖች የተጻፉበት ወረቀት ተቀምጧል። በእነዚህ ስድስት ቀኖች፣ አሉ ዋና አዘጋጇ፣ የጠዋቱ ትንታኔ ለደንበኞች ሳይለቀቅ አንድ ሰው አንብቦታል፤ አንብቦም ከሌላው አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ገዝቶበታል፣ ሸጦበታል።

መሥሪያ ቤቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ የገንዘብ ገበያ ዜናና ትንታኔ አገልግሎት ነው። አንባቢዎቹ በየባንኩ የምንዛሪ ክፍልና ቦንድ በሚያገበያዩ ድርጅቶች ውስጥ ተቀምጠው በደቂቃዎች ወስነው የሚገዙና የሚሸጡ ባለሙያዎች ናቸው። የሚከፍሉትም ለጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት እንዲያነቡት ነው። አንዱ ቀደመ ከተባለ የቀሩት ነገ ጠዋት ጥለው ይሄዳሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ደንበኞች ጽፈው አቤት ብለዋል።

ጽሑፉን ከመለቀቁ በፊት የሚያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚጽፈው ተንታኝና የምታርመው እሷ። ከስድስቱ ቀኖች በሁለቱ ተንታኙ በእንቅልፍ ልብ "ይወርዳል" ለማለት "ይወጣል" ብሎ ጽፎ ነበር፤ እሷ ናት ደውላ ያረመችው። ቀድሞ የነገደው ሰው የተከተለው የታረመውን ነው። እንግዲህ የወጣው እሷ ዘንድ ብቻ ያለው የታረመው ቅጂ ነው ማለት ነው።

"አላደረግሁትም" አለች።

ዋና አዘጋጇ መነጽራቸውን አወለቁ። እሷን ከማስጠራታቸው በፊት ተንታኙን ጠይቀውት እንደነበር፣ "ይህቺ ልጅ ይህን ታደርጋለች ብለህ ታስባለህ ወይ?" ቢሉት ጥቂት አስቦ "አላውቅም" እንዳላቸው ነገሯት። በክፋት አልነበረም የነገሯት፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይሟገትልሻል ብለው ጠብቀው ስላዘኑ ነው። ምርመራው እስኪያልቅ ቤቷ እንድትቆይ አዘዟት።

ሹራቧንና ኩባያዋን ይዛ በሥራ ክፍሉ መሀል አለፈች። ተንታኙ ከስክሪኑ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። አንድ ነገር እንዲናገር ጠበቀች፤ እሱ ግን ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። እሱ እያያት ሊፍት መጠበቁን ስላልቻለችው አራቱን ፎቅ በእግሯ ወረደች። ኀዘን ቢሆን አልቅሳ ይወጣላት ነበር። የተሰማት ግን ንዴት ነው።

በመሥሪያ ቤቱ የተንታኙ ቅጽል ስም "ማስረጃ" ነው። ውጭ ዝናብ አለ ወይ ቢሉት እጁን በመስኮት አውጥቶ ሳያርስ አይመልስም እያሉ ይቀልዱበታል። በዚሁ ጠባዩ ነው ደንበኞች የሚያምኑት፤ እሷም መጀመሪያ የወደደችው በዚሁ ነው።

ፍቅራቸው የጀመረው በእርማት ማስታወሻ ነው። እሱ ሳይነጋ ጽፎ ይልክላታል፤ እሷ ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ታርማለች። "ይህ ዓረፍተ ነገር መተንፈሻ የለውም" ብላ በጎን ትጽፍለታለች። "እኔም የለኝም፤ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ተቀምጫለሁ" ብሎ ይመልሳል። ሲውል ሲያድር ጉንፋኗን መጠየቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ስለ ቦንድ ወለድ ከሚያወራ አንቀጽ ሥር እንዲህ የሚል አገኘች፤ "ትናንት ግራጫ ሹራብሽን ለብሰሽ ደረጃው ላይ አየሁሽና ምንም ሳልል አለፍኩ። ቀኑን ሙሉ ቆጨኝ።" ጽሑፉ ከመለቀቁ በፊት ሰረዘችው፤ ከመሰረዟ በፊት ግን በእጇ ደብተር ላይ ገለበጠችው። ደብተሩ አሁን ሊሞላ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል።

እንቅፋቱ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እሱ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ባንክ ገብቶ አሳደጋት፤ ጫማዋን አስሮ፣ ፀጉሯን ማበጠር ከጎረቤት ተምሮ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ከእናቶች መሀል ብቻውን ተቀምጦ። ዛሬ የባንኩ የምንዛሪ ክፍል አንጋፋ ነው፤ ግቢ ያለው ቤት፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። እሷም እስከ ዛሬ የምትኖረው እሱ ዘንድ ነው፤ እሷ "ጋሼ" ትለዋለች፣ እሱ ሠላሳ ዓመት ቢሞላትም "ሚጣ" ይላታል።

ተንታኙን አንድ ቀን ምሳ ጋብዞት ነበር። የት እንደሚኖር ጠየቀው፤ ከብየዳ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይቷል። አባቱ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀው፤ አውቶቡስ ተራ ሸክም ይሸከሙ ነበር። ወንድምየው በትሕትና በር ድረስ ሸኘውና ተመልሶ፣ "እኔ ገበያው ውስጥ ስዋኝ እሱ ዳር ቆሞ ስለ ውሃው ይጽፋል። ዳግመኛ እዚህ ቤት እንዳላየው" አላት። ያሳደጋትን ሰው እንዴት ትጋፋ? ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲገናኙ ኖሩ።

ከታገደች በኋላ ተንታኙ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ፤ አላነሳችም። በሁለተኛው ቀን አነሳች፤ ቅዳሜ አግዳሚው ላይ ተገናኙ። ሸሚዙ አልተተኮሰም፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ልታዝንለት ስትል ራሷን ተቆጣች።

"ያልኩት እውነቱን ነው" አለ። "አብሬሽ አልነበርኩም። አላየሁም።"

"ያየኸውን አይደለም የጠየቁህ። ታውቃት እንደሆነ ነው የጠየቁህ።"

ረጋ ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። "አታደርገውም" ቢል ስለሚወዳት ነው ይሉት ነበር፤ ያን ጊዜ ቃሉ ለእሷ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳታል። ምርመራው ራሱ ነጻ እንዲያወጣት ፈልጎ ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ የባሰ ቆሽቷን አሳረረው፤ በተሳሳተ ሰው መቆጣት ይቻላል፣ ልክ በሆነ ሰው ምን ይደረጋል?

"ጋሼ ፊት ስላንተ ስናገር ማስረጃ ነበረኝ?" አለችው። "ጥሩ ሰው ነው አልኩ። ከየት አመጣሽው ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ግን አልኩ።"

ተነስታ ሄደች። አልተከተላትም። ባለመከተሉ ተናደደች፤ ቢከተላትም ትናደድ ነበር። ቤቷ እስክትደርስ ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ በጫማዋ እየመታች ተጓዘች፣ ጠጠሩም ንዴቱም አላልቅ አላት።

ሰኞ ጠዋት መከላከያዋን ልትጽፍ ተቀመጠች። ስድስቱን ቀኖች ገልብጣ አምጥታለች። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የወንድሟ ሚስት የልጆቹን ክትባትና የቤቱን ጉዳይ ሁሉ የምትጽፍበት የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ቀኖቹን ከእሱ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ጀመረች። ሦስቱ ከአንድ ባዶ ሳምንት በፊት፣ ሦስቱ ከዚያ በኋላ ናቸው። ባዶው ሳምንት ግን የዓመቱ ከባድ ሳምንት ነበር፤ ወለድ የተቀየረበት፣ የተንታኙ እያንዳንዱ መስመር ገበያውን ያናወጠበት። ሌባ የሆነ ሰው ያን ሳምንት እንዴት ያልፈዋል? በዚያ ሳምንት ላይ የወንድሟ ሚስት በቀይ እስክሪብቶ "ሥልጠና፣ ክፍለ ሀገር" ብላ ጽፋለች። ወንድሟ ቤት ያልነበረበት ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም። ከዚያ ሻዩ ትዝ አላት።

ስኳር የት እንደሚቀመጥ እንኳ የማያውቀው ወንድሟ ከሁለት ወር ወዲህ ማለዳ እየተነሳ ሻይ አፍልቶ ያመጣላት ነበር። ኩባያውን ከላፕቶፑ አጠገብ ያኖርና ከኋላዋ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ያሳርፋል። "በርቺ ሚጣ" ይላታል። ተንታኙን ከቤቱ በመመለሱ ተጸጽቶ ሊክሰኝ ነው ብላ ነበር። እንዲያውም አንድ ጠዋት እጁን በጉንጯ ዳብሳዋለች። አሁን ያ ትከሻዋ የተቃጠለ ያህል አመማት።

ወንድሟ ለምሳ ሲመጣ ቀኖቹን ፊቱ አስቀመጠች። አልካደም። ክፍሉ ውስጥ ገና ፂም ያላበቀሉ ልጆች በኮምፒውተራቸው እየቀደሙት መሆኑን፣ አንድ ሩብ ዓመት ደግሞ ከወደቀ ወደ መዝገብ ቤት እንደሚያዛውሩት አለቃው መናገሩን፣ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው በልጆች ፊት መዋረድ ምን እንደሚመስል ዘረዘረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። ጠረጴዛው የእሱ፣ ቤቱ የእሱ፣ ዓይኑም የእሱ ነው፤ ከማንም አልሰረቀም። ሲጨርስ ግን ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ሳሳድግሽ አንድ ቀን ምንም ጠይቄሽ አላውቅም" አላት።

"ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር፣ ጋሼ።"

"ለዚህ ነዋ ያልጠየቅሁሽ።"

ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ። ልትጠላው ሞከረች። የምታገኘው ግን ጎንበስ ብሎ የጫማዋን ክር የሚያስረውን የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። መጥላት እንኳ አለመቻሏ አበሸቃት።

በዚያው ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። ዳግመኛ እንዳይመጣ የተባለበት በር ላይ ተንታኙ ቆሟል፤ አውቶቡስ አጥቶ በእግሩ ስለመጣ አልቦታል። ምንም ሳይል የታጠፈ ወረቀት ሰጣት። ትናንት እሑድ ጽፎ ዛሬ ጠዋት ያስገባው ደብዳቤ ግልባጭ ነው። በሩ ላይ እንደቆመች አነበበችው።

"ለዋና አዘጋጇ፤ ባለፈው ሐሙስ ስለ አራሚዋ ተጠይቄ 'አላውቅም' ብዬ ነበር። መልሴ ልክ አልነበረም። የሆነውን ነገር አላውቅም፤ እሷን ግን አውቃታለሁ። ጽሑፉን ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም። ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ የለኝም። ተሳስቼ ብገኝ አብሬያት እሰናበታለሁ።" ከሥሩ ፊርማው አለ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። የምትሰርዘው ቃል አላገኘችም። አራት ቀንና አራት ሌሊት የተመኘችው ዓረፍተ ነገር እጇ ላይ ነው፤ በሰዓታት ልዩነት ዘግይቶ፣ የማትቀበለው ሆኖ። ወረቀቱን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው፣ ከዚያ የግቢው ደፍ ላይ ተቀመጠች።

"አንሣው" አለችው። "አሁኑኑ ተመልሰህ አንሣው።"

"ለምን?"

ነገረችው። ስለ ቀን መቁጠሪያው፣ ስለ ሻዩ፣ ትከሻዋ ላይ ስላረፈው እጅ። ስትጨርስ አጠገቧ ተቀመጠ። የልጆች ብስክሌት በመንገዱ እየተንኳኳ አለፈ። 

"አላነሣውም" አለ በመጨረሻ።

"ሐሰት እኮ ነው። ከዓይኔ ሥር ነው የወጣው።"

"አሳልፋ አልሰጠችም ነው ያልኩት። አልሰጠሽም።" ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "የቀረውን አንቺ ንገሪያቸው ወይም አትንገሪያቸው። ያሳደገሽ ሰው ነው፤ እዚያ ውስጥ እኔ አልገባም። እኔ ግን ሐሙስ ማለት የነበረብኝን ነው የጻፍኩት። ሐሙስ ብዬው ቢሆን ይሻል ነበር። ፈራሁ።"

"ምን ፈራህ?"

"ጥፋተኛ ሆነሽ ብትገኚ ሁለት ነገር እንደማጣ። አንቺንም፣ ሰው አውቃለሁ ማለትንም።"

እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። አራት ቀን የያዘችውን ሁሉ አወረደችበት፤ ለምን ዘገየህ፣ ለምን ዛሬ፣ ለምን ቅዳሜ አልተከተልከኝም። እሱ አልተከላከለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየ፣ ወንድሟ በከለከለው በር ላይ ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀርባው አታውቅም ነበር፤ ይህን ያህል የቀረበችው ሁሉም ነገር በሚፈርስበት ቀን መሆኑ እየከነከናት፣ ቀና ማለት ግን አልፈለገችም።

ማታ እራት ላይ ለወንድሟ በአጭሩ ነገረችው። ነገ ከሰዓት ዋና አዘጋጇ ዘንድ እንደምትሄድ፣ ጠዋቱ ግን ለባንኩ ራሱ ቀድሞ እንዲናገር የእሱ እንደሆነ። ሚስቱ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየች የልጆቹን ሳህን ሰበሰበች።

ማክሰኞ ወንድምየው ክራቫቱን አጥብቆ አስሮ ከወትሮው ቀድሞ ወጣ። አምስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። በከሰዓት ፈረቃ የምትማረው ትንሿ ልጁ ዛሬ ትምህርት ቤት ተዘጋ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ የእሷ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነዋ ሰው በዚህ ሰዓት ቤቱ የሚገባው። ለባንኩ አለቃ ራሱ እንደተናገረ፣ ከሥራ እንደታገደ ለሚስቱ በሹክሹክታ ነገራት። በእህቱ ፊት አለፈ፤ አላያትም። መኝታ ቤቱን ዘጋው።

ከሰዓት ቢሮ ስትሄድ ዋና አዘጋጇ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙ። ሌላ ሰው ሊያይ በሚችልበት ቦታ ረቂቅ መክፈት ራሱ ጥፋት መሆኑን፣ ይህን እያወቁ ወደ ሥራ ቢመልሷት ደንበኞች እንደማይቀበሏቸው ተናገሩ። ድምፃቸው ደከመ። ተንታኙን እንደማያሰናብቱ ነገሯትና መሳቢያቸውን ከፍተው ዋናውን ደብዳቤ አወጡ።

"ይህ መዝገብ ውስጥ አይገባም" አሉ። "ለእኔ አይጠቅመኝም። ላንቺ ሳይጠቅምሽ አይቀርም።"

ረቡዕ ጠዋት ተንታኙ ደወለላት። ለደንበኞች የሚወጣውን መግለጫ እንዲጽፍ ታዝዟል፤ የእሷን መሰናበት የሚያስታውቀውን። አዲስ አራሚ ገና አልተቀጠረም። ሊጠይቃት አፍሮ እየተንተባተበ ነበር፤ አንብበው አለችው። አነበበላት። ረዝሟል፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ ለሁለት ይከፈል አለችው። "በሚያሳዝን ሁኔታ" የሚለውን አውጣው፣ ለእነሱ የሚያሳዝን ነገር የለውም አለችው። ስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማታል። መግለጫው አራት መስመር ሆኖ ወጣ። የራሷን ስንብት አርማ ጨርሳ ስልኩን ስትዘጋ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ከውስጧ አመለጣት።

ወንድሟ አሥራ አንድ ቀን አላነጋገራትም። በአንድ ኮሪደር ሲተላለፉ ግድግዳውን ይዞ ያልፋል። ተንታኙ ከዚያ ቤት እንድትወጣ፣ እንዲጋቡ፣ የተከራያት ክፍል ጠባብ ብትሆንም ለሁለት እንደምትበቃ ነግሯታል። ወንድሟ ሳያናግራት ከወጣች ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ኮሪደር እንደማትወጣ ነገረችው። ስንት ቀን ነው የምትጠብቂው ቢላት አላውቅም አለች። እሱም እጠብቃለሁ አለ፤ ድምፁ ውስጥ ግን ትዕግሥቱ እያለቀ እንደሆነ ሰማች፤ የእሷም እያለቀ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወንድሟ ግቢው ውስጥ የልጁን ብስክሌት ሰንሰለት ሲያስተካክል አገኘችው። ልታልፍ ስትል፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣

"ሰውየው እሑድ ይምጣ" አለ።

ቆመች። የሚጨምረው ነገር እንዳለ ጠበቀች። እጁ በቅባት ጠቁሯል፤ ሰንሰለቱን ይጎትታል፣ ያመልጠዋል፣ መልሶ ይጎትታል። አልዞረም።

"እሺ፣ ጋሼ" አለች።

ወጥ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውሃ ለቀቀችው፣ ሰው እንዳይሰማት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስትጠብቅ፣ ሲነገራት ምን እንደምትሆን ስንቴ አስባ ነበር፤ ሮጣ እንደምታቅፈው፣ እንደምትስቅ። አሁን ግን እጆቿን ሳህን ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተክላ ታለቅሳለች። ደስታው መጥቷል፤ አውቃዋለች፣ ደረቷ ውስጥ ሲንፈራገጥ ይሰማታል። ወንድሟ ውጭ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ደስ ስላላት በራሷ ተናደደች፤ ተናዳም ደስታው አልሄድላት አለ።